ዕርቅ ከመድፍ ይበልጣል

በቀድሞ ዘመን በጎጃም አገር አንድ መኰንን በመንገድ ሲያልፍ ልጆች ከብቶቻቸውን ትተው እየሮጡ ይመለከቱት ነበር። በቅሎው የተሸለመች፣ ጋሻ ጃግሬው ከፊቱ የቀደመ፣ ወታደሩም ከኋላው የተከተለ እንደ ሆነ «እንዴት ያለ ታላቅ ሰው ነው!» ይባባሉ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው ታላቅነትን የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ሰፊ መሬት ያለውን፣ መሣሪያ የያዘውን፣ ሹመቱ ከፍ ያለውን ሰው ታላቅ ይለዋል።

ይህ ሚዛን ግን ትክክል አይደለም። መሬት በውርስ ይገኛል፤ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ሹመትም ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ይሻራል። የሰው ታላቅነት የሚታወቀው በእጁ ባለው ነገር አይደለም፤ በእጁ ባለው ነገር በሠራው ሥራ ነው። ይህም እውነት እንደ ሆነ የአንድ መድፈኛ መኰንንና የሁለት የጎጃም መሳፍንት ታሪክ ያስረዳል። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የመድፈኛው መኰንን ስም ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ ይባላል። በ1874 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከካህን ቤት ተወለዱ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የነገሡት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። በኢትዮጵያ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ በጎጃምም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነግሠው ነበር።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ አገር መሬትና ጦር አይለያዩም ነበር። ባለ ርስቱ መሬቱን ለበኵር ልጁ ያወርሳል፤ ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ወይ ወደ ጦር ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሄዳሉ። እስከ 1864 ዓ.ም. ድረስ በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ውስጥ የመኰንንነት ሹመት በገንዘብ ይገዛ ነበር። ስለዚህ ባለ ጠጋው ገንዘቡን ቈጥሮ አለቃ ሲሆን፣ ድኻው ጀግና ሆኖ ሳለ ከበታች ይቀር ነበር። የመድፈኞች ሹመት ግን አይሸጥም ነበር። መድፍ የሚተኵስ ሰው ጥይቱ የሚወድቅበትን ስፍራ በቍጥር ማስላት አለበትና፣ ሒሳብ ያልተማረ ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ መድፈኛ ሊሆን አይችልም። እንዲህም ስለ ሆነ መድፈኞች ወደ ሹመት የሚደርሱት በትምህርት ነበር። ሳንፎርድም መድፈኛ መኰንን ሆኑ።

የጎጃም ሥርዐትም ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ጉልት የተሰጠው መኰንን ከገበሬው ግብር ይቀበላል። የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ግን ወታደሩን አስከትሎ ይዘምታል። ርስቱ ያኰራዋል፤ ወታደሩ ያስፈራዋል። ኵሩ ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር በቀላሉ ይጣላል። ተጣልቶም በቀላሉ አይታረቅም።

ሳንፎርድ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተዋግተው የጀግንነት ሽልማት ተቀበሉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ሙሉ በሚባለው ስፍራ መሬት ይዘው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክርስቲን ጋር ተቀመጡ። በዚያም መድፈኛው ገበሬ ሆኑ። እርሻ አረሱ፤ ልጆችም አሳደጉ። የአገሩን ቋንቋና ልማድ ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ግን እርሻቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእንግሊዝ መንግሥት የሚያስመሰግን አልነበረም። መንግሥቱ ከኢጣልያ ጋር ለመስማማት ብሎ ወረራውን እንደ ሕጋዊ ግዛት ተቀበለ። የኢትዮጵያ አርበኞች ግን አልተቀበሉትም። በጎጃም ቆላና ደጋ ሕዝቡ እየተነሣ ይዋጋ ነበር። ስንቁን ከቤቱ፣ ጥይቱን ከጠላቱ እየወሰደ ብዙ ክረምት በዱር አሳለፈ።

በ1932 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀች። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ፤ አርበኞቹንም ለመርዳት ፈለገ። ወደ ጎጃም የሚገባ ሰው በተፈለገ ጊዜ የተመረጡት ሳንፎርድ ነበሩ። ዕድሜያቸው 58 ዓመት ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ከእሳት ዳር ተቀምጦ የልጅ ልጆቹን ታሪክ ያጫውታል እንጂ በክረምት ወንዝ አይሻገርም። እርሳቸው ግን እሺ አሉ።

ለጓዳቸው የተሰጠው ስም ቍጥር 101 ነበር። ይህ ቍጥር መድፈኞች የሚያውቁት የመድፍ ጥይት መለኰሻ ቍጥር ነው። መለኰሻ ትንሽ ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ግን ትልቁ ጥይት አይፈነዳም። ጓዱም እንደ ስሙ ትንሽ ነበር። ጥቂት መኰንኖች፣ አንድ ሐኪም፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ በቅሎና አህያ የሚነዱ ሰዎች ነበሩበት። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ አዛዥ ከበደ ተሰማም ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻገሩ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቆላው በንዳድ ተይዞ ነበር። የጠላትንም ጦር እየሸሹ፣ በጭቃ እየተጓዙ ወደ ደጋው ወጡ።

ወደ ጎጃም በገቡ ጊዜ ያገኙት ችግር የመሣሪያ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሌላ የባሰ ችግር ነበረ። በምዕራብ ጎጃም ሁለት ስመ ጥር የአርበኛ አለቆች ነበሩ። አንዱ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ሁለተኛውም የቡሬው ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። ሁለቱም ጠላትን ይዋጉ ነበር። ሁለቱም ስለ አገራቸው ይቈረቈሩ ነበር። ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። ማን ይበልጣል፣ የማን ግዛት እስከየት ነው የሚለው ነገር ልባቸውን ለያይቶት ነበር።

አንድ ጥማድ በሬ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ ቢስብ ምን ይሆናል? ቀንበሩ ይሰበራል፤ እርሻውም ጦም ያድራል። የጎጃም አርበኝነትም በዚህ አደጋ ላይ ነበር። ጠላት ምሽግ ለመሥራት ድንጋይ ማስፈለጥ፣ ሲሚንቶ ማስመጣት፣ ገንዘብ ማውጣት አለበት። የሁለት ወንድማማች ቂም ግን ያለ ምንም ወጪ የተሠራ የጠላት ምሽግ ነው።

በመስከረም ወር 1933 ዓ.ም. ሳንፎርድ ደጃዝማች መንገሻ ወዳሉበት ወደ ፋጉታ ደረሱ። በዚያም የመጀመሪያ ሥራቸው መተኰስ አልነበረም፤ ማስታረቅ ነበር። ለሁለቱ መሳፍንት የሚሰጡት መድፍ አልነበራቸውም፤ ያመጡትም ጠመንጃ ጥቂት ነበር። የነበራቸው የንጉሠ ነገሥቱ መልእክትና ምክር ብቻ ነበር። አዛዥ ከበደም የአገሩን ሥርዐትና የመሳፍንቱን ጠባይ የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ በነገሩ ውስጥ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚያው ወር ሁለቱ ደጃዝማቾች ተስማሙ። በአንድ ንጉሠ ነገሥት ስም በአንድ ጠላት ላይ ተባብረው ሊዘምቱ ቃል ተለዋወጡ።

ይህ ዕርቅ ድምፅ አልነበረውም። መለከት አልተነፋበትም፤ መድፍ አልተተኰሰበትም። ስለዚህ ጦርነትን የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ሳንፎርድ በሕይወታቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ ይህ ይበልጣል ማለት ይገባል። በመድፍ ሰውን መግደል ይቻላል፤ በመድፍ ግን ሁለት ልብ አንድ ማድረግ አይቻልም።

ከዕርቁ በኋላ ነገሩ እየቀና ሄደ። በኅዳር ወር ኦርድ ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ጎጃም ደጋ መጥቶ ከሳንፎርድ ጋር ተመካከረ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የዊንጌትም ጦር ሱዳኖችንና ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያንን ይዞ፣ ጓዙን በግመል ጭኖ ወደ ቡሬ ገሠገሠ። ጦሩ ሁለት ሺህ ያህል ነበር። ዊንጌትም መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው ነበርና፣ በጥቂት ሰዎች ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ስም ጠራው።

በቡሬ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር በቍጥር ከዚህ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ጠላት ሆኖበት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። በመንገድም በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ገጠመው። ሻለቃው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚሸሸው ጦር ግን በሺህ ይቈጠር ነበር። ብዙ ደም ፈሰሰ። ከአንድ ወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

ዕርቁ ብቻውን ቡሬን አስለቀቀ ማለት አይቻልም። የተዋጋው ተዋግቷል፤ የሞተውም ሞቷል። ነገር ግን በየሸለቆው አርበኛ ከአርበኛ ጋር እየተዋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ጠላት ከምሽጉ ወጥቶ የሚሸሽበት ምክንያት ባልኖረውም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ አንዳንድ ሰዎች ሁለት ጥያቄ ያነሣሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎጃምን ነፃ ያወጣው ገበሬው ሆኖ ሳለ የውጭ ሰው ስለ ምን ይመሰገናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መከሩን የዘራና ያረመ ሰው እያለ በመጨረሻ ቀን ማጭድ ይዞ የመጣውን ብቻ ማመስገን ግፍ ነው። ስለዚህ የዕርቁ ታላቅ ክብር ለሳንፎርድ አይደለም፤ ለሁለቱ ደጃዝማቾች ነው። አስታራቂ መንገዱን ያሳያል እንጂ በመንገዱ የሚሄዱት ታራቂዎቹ ናቸው። ወታደርና ስም ላለው ሰው ምሽግ ከመስበር ይልቅ የራሱን ኵራት መስበር ይከብደዋል። ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ ግን ስለ አገራቸው ሲሉ ይህን አደረጉ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሳንፎርድ የመጡት ለአገራቸው ጥቅም አይደለምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የላካቸው መንግሥታቸው ነው፤ መንግሥታቸውም የራሱን ጥቅም ይፈልግ ነበር። ነገር ግን የሰው ልብ የሚታወቀው ሲመጣ ሳይሆን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አንዳንድ የእንግሊዝ ሹማምንት በኢትዮጵያ ላይ ሥልጣናቸውን ለማስፋት በፈለጉ ጊዜ፣ ሳንፎርድ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው ለኢትዮጵያ ነፃነት ያደሉ ነበር። ስለዚህም በገዛ አገራቸው ሰዎች ይታሙ ነበር። ሰው ለእውነት ሲል በወገኑ መታማትን ከታገሠ ልቡ ቅን ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሳንፎርድ ጕድለት የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። ሁለት መሳፍንትን ያስታረቁት ሰው ከገዛ ባልደረባቸው ከዊንጌት ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። ዊንጌት ቍጡና ችኩል ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ቀስ ብሎ መምከርን ይወዱ ነበር። ማን ያዝዛል በሚለው ነገር ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም የሁለቱ ሥራ እንዲለያይ ተደረገ። ከዚህም የምንማረው ነገር አለ። የሌላውን ጠብ ማየት ቀላል ነው፤ የራስን ጠብ ማየት ግን ከባድ ነው። ዐይን ሁሉን ያያል፤ ራሱን ግን አያይም።

ሳንፎርድ በብርጋዲየር ማዕርግ ካገለገሉ በኋላ እንደ ገና ወደ ሙሉ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። መድፉንና ሹመቱን ትተው በገበሬነት አረጁ። በ1964 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምድር ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚል ዐዋጅ ወጣ። የመሳፍንቱም ጉልት፣ የባለ ርስቱም ሰፊ እርሻ፣ የመኰንኑም መሬት በአንድ ዐዋጅ አለፈ።

ታዲያ ምን ቀረ? ወይዘሮ ክርስቲን በአዲስ አበባ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀምረው ነበር፤ ያም ትምህርት ቤት አድጎ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት ተባለ። በዊንጌትም ስም በዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ተሠራ። በሕይወታቸው ሳሉ ያልተስማሙት ሁለት መኰንኖች ስማቸው የቀረው በመድፍ ላይ አይደለም፤ በመሬትም ላይ አይደለም፤ ልጆች ፊደል በሚቈጥሩበት ቤት በር ላይ ነው።

ይህ ታሪክ የመኰንኖችና የመሳፍንት ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ያለ ገበሬ ሁሉ ነገሩን በቤቱ ያውቀዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ ድንበር ይጣላሉ። አንዱ ድንጋዩን በሌሊት ገፋብኝ ይላል፤ ሁለተኛው አልገፋሁም ይላል። ክርክሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ከዳኛም ወደ ሌላ ዳኛ ይሄዳል። በዚህ መካከል ጤፉ ሳይታረም ይቀራል፤ በርበሬው በማሳ ላይ ይረግፋል፤ በሬውም ለጠበቃ ዋጋ ይሸጣል። ክርክሩ የባሰ እንደ ሆነ ደግሞ ሰው ይሞታል፤ ከሞተውም ሰው ቂም ይወለዳል፤ ቂሙንም ልጅ ከአባቱ ይወርሳል። አንድ ክንድ መሬት ለመቀበሪያ እንኳ አይበቃም፤ ስለ እርሱ ግን ሁለት ቤት ይፈርሳል።

ከዚህ ጥፋት የሚያድኑት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ያዳምጣሉ፤ የበደለው እንዲክስ፣ የተበደለውም ይቅር እንዲል ይለምናሉ። በእጃቸው ዱላ ነው ያለው እንጂ ጠመንጃ የለም። ሥራቸው ግን ከጠመንጃ ሥራ ይበልጣል። ወንጌል የሚያስታርቁትን ሰዎች የእግዚአብሔር ልጆች ብሎ ይጠራቸዋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ደግሞ በምድር ላይ አይገኝም።

ልጆች ሆይ፣ ነገሩ ከእናንተም ሩቅ አይደለም። ስለ እርሳስ፣ ስለ መቀመጫ፣ ስለ ጨዋታ ከባልንጀራችሁ ጋር ትጣሉ ይሆናል። ሁለታችሁም «እርሱ ይቅደም» ብትሉ ዕርቅ አይመጣም። አስቀድሞ ይቅርታ የሚለምን ልጅ የተሸነፈ አይደለም፤ ኵራቱን ያሸነፈ ነው። ሁለት ባልንጀሮቹ ተጣልተው ቢያይም መካከላቸው ገብቶ ያስታርቃቸው እንጂ ቆሞ አይሣቅ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በየቀኑ ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ያልፋል፤ ወደ ገበያ የሚሄድ አለ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ አለ፤ ወደ ክርክርም የሚሄድ አለ። ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በዚያ የሚያልፍ ሰው ስሟን አስቦ ወደ ቤቱ ይመለስና ጎረቤቱን ይታረቅ።